ሐዋሳ ላይ ከተማሪነት ወደ ነዋሪነት

ሐዋሳ የተማረ ሁሉ ሐዋሳን ኖሮባታል ማለት አይቻልም። ተማሪ የሚያውቃት ሐዋሳ አጭር ናት፦ የዋናው ግቢ በርና ፎቶ ኮፒ ቤቶቹ፣ ጭማቂ ቤቶቹ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፍቅር ሐይቅ፣ ሴሚስተር ሲከፈትና ሲዘጋ ደግሞ መናኸሪያው። ዶርም እያሳደረው፣ ካፌ እያበላው፣ ከአጥሩ ማዶ ያለው ከተማ ምን ያደርግለታል? ነገሩ የሚለወጠው ጋዋኑ ከወለቀ በኋላ ነው። ባንክ፣ ክሊኒክ፣ የግል ኮሌጅ ወይም ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ የመጀመሪያ ሥራውን ያገኘ፣ «ሥራ እስኪገኝ ቤተሰብ ጋ አልመለስም» ብሎ የቀረ፣ አልያም ገና እየተማረ ነን ካፌ (የግቢውን ካፌ ትቶ በራሱ የሚበላ) ሆኖ ክፍል ሊከራይ ያሰበ ወጣት ካለ ይህ መመሪያ የእሱና የእሷ ነው።

አንድ ነገር ቀድሜ ልበል። በዚህች ከተማ ትንሽ ደመወዝ ያለው ሰው ወሩን የሚዘልቀው በደንበኝነት ነው። ከሱቅ፣ ከምግብ ቤት፣ ከሳይክል ጠጋኝ፣ ከዓሣ ሻጭ፣ ከባጃጅ ሹፌር አንድ አንድ ሰው ያዙ፤ እየተዘዋወራችሁ ዋጋ ከማወዳደር እዚያው ተመላለሱ። ሁለትና ሦስት ብር የተወደደባችሁ ቢመስላችሁም ወር ሲያልቅ ሒሳቡ ይገባችኋል። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው እርምጃዎች ሁሉ መሠረታቸው ይኸው ነው።

1. ክፍሉን በቀንም በማታም እዩት

የሐዋሳ ኪራይ የተማሪ ኪራይ ብቻ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከየገጠሩና ከየከተማው የመጡ በርካታ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ለሦስትና ለአራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ። ስለዚህ በፓርኩና በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ያሉት ሰፈሮች ቶሎ ይያዛሉ። ወደ ውስጥ ገባ ማለት ያዋጣል። ከተማዋ ሜዳ ናት፤ የሃያ ደቂቃ እግር መንገድ ማንንም አይገድልም።

ደላላ ከመያዛችሁ በፊት ሰፈሩን በእግራችሁ ዙሩና የሱቅ ባለቤቶችን ጠይቁ። የቱ ግቢ ክፍል እንደለቀቀ፣ የቱ አከራይ ከተከራይ ጋር እንደማይስማማ ባለሱቅ ያውቃል። ደላላ ካስፈለገም ኮሚሽኑን ክፍሉን ከማየታችሁ በፊት ተነጋገሩ፤ ካያችሁና ከወደዳችሁ በኋላ አፋችሁ ይያዛል።

ክፍሉን አንዴ በቀን፣ አንዴ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ እዩት። በቀን የሚታየው ብርሃንና እርጥበት ነው። ማታ ደግሞ የጎረቤቱ መጠጥ ቤት ሙዚቃ፣ የወፍጮው ድምፅ፣ የትንኙ ብዛትና የመንገዱ መብራት ይታያል። ከቻላችሁ ዝናብ ከጣለ በኋላ ሂዱ። ሜዳ ከተማ ስለሆነች ውሃው መሄጃ ያጣል፤ የግቢው በር ላይ ኩሬ ሠርቶ ካገኛችሁት ክረምቱን ሙሉ ጫማችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ ልትገቡ ነው።

ከዚያ ጥያቄዎቹ። የመብራት ቆጣሪው የጋራ ከሆነ ሒሳቡ እንዴት ይከፈላል? የኤሌክትሪክ ምጣድና ካውያ ይፈቀዳል? መጸዳጃ ቤቱን ስንት ሰው ይጠቀምበታል? የውጭ በር ስንት ሰዓት ይዘጋል? እንግዳ ማሳደር ይቻላል? ይህን የመጨረሻውን ብዙ ወጣት አፍሮ ሳይጠይቀው ያልፍና መጀመሪያ ወር ላይ ጸብ ይነሳበታል።

የውሃውን ጥያቄ ለብቻው ያወጣሁት በምክንያት ነው። ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ብቻ አትጠይቁ፤ ሳይመጣ ሲቀር የሚቀዳው ከየት እንደሆነም ጠይቁ። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ጥርስ የሚያበልዘው፣ መጠኑ ከፍ ብሎ ለዓመታት ከተጠጣም አጥንት የሚጎዳው እሱ ነው። ፍሎራይድ ደግሞ በማፍላት አይለቅም። የጉድጓድ ውሃ ያለው ግቢ ከገባችሁ ለልብስና ለወለል ተጠቀሙበት፤ ለመጠጥና ለወጥ የቧንቧውን በጄሪካን አጠራቅሙ።

ስትስማሙ ውሉን በጽሑፍ አድርጉት። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል፤ ከሁለት ወር ኪራይ በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅንም ይከለክላል። አንድ ክፍል የሚያከራዩ እማማ ፊት አዋጅ ቁጥር መጥራት ግን ጥሩ መግቢያ አይደለም። «እማማ፣ ለሁለታችንም እንዲመች በወረቀት እናድርገው» ማለት ይበቃል።

2. ዕቃ ከተመራቂ ግዙ

የምረቃ ሰሞን ግማሹ የዩኒቨርሲቲ ሰፈር ሻጭ ነው። ፍራሽ፣ ስቶቭ፣ ባልዲ፣ የመጻሕፍት መደርደሪያ፣ አንዳንዴ አልጋ ጭምር ወደ አገሩ ተሸክሞ መሄድ ያልፈለገ ሁሉ በሚያገኘው ዋጋ ይለቅቃል። ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ፣ ስፌቱን ገልጣችሁ ትኋን ፈልጉ። አጎበር ግን አዲስ ግዙ፤ ሐዋሳ ወባ አለ። ሌላው ሁሉ ቀስ ብሎ ይደርሳል።

3. ሆዳችሁን ለአንድ ቤት አስመዝግቡ

ብቻውን የሚኖር ወጣት በየቀኑ ወጥ እሠራለሁ ብሎ ካሰበ ራሱን እያታለለ ነው። መጀመሪያ ሳምንት ሽንኩርት ይከትፋል፣ ሁለተኛው ሳምንት ፓስታ ይቀቅላል፣ ከዚያ ዳቦ በሻይ ይሆናል። የሚያዋጣው ኮንትራት ነው። በየተማሪ ሰፈሩ ያሉ ትናንሽ ምግብ ቤቶች የወሩን ሒሳብ ተቀብለው በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ያበላሉ። ከመክፈላችሁ በፊት እንደ ማንኛውም ሰው ገብታችሁ ለጥቂት ቀናት ብሉበት። ሽሮው ማክሰኞም ሐሙስም ያው ጣዕም ካለው፣ እጅ መታጠቢያው ውሃ ካለው፣ ባለቤቷ ራሷ ወጥ ቤት የምትገባ ከሆነ ተመዝገቡ። ያልበላችሁበት ቀን ይተላለፍ እንደሆነ በግልጽ ተነጋገሩ፤ የኮንትራት ጭቅጭቅ ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣው።

ቀሪውን ገበያው ይሞላዋል። የሲዳማ አገር የአቮካዶና የእንሰት አገር ነው። አቮካዶ በወቅቱ ገበያ ወርዳችሁ ከገዛችሁት ከዳቦና ከሚጥሚጣ ጋር ሙሉ ራት ነው፤ ጭማቂ ቤት በብርጭቆ የምትከፍሉት ብዙ ፍሬ ይገዛል። ቆጮ ያልለመደ ሰው ከአይብና ከጎመን ጋር ይጀምር።

ስለ ዱቤ ደግሞ፦ ዱቤ የምትጀምሩት ገንዘብ በሌላችሁ ቀን መሆን የለበትም። ገንዘብ እያላችሁ ትንሽ ነገር፣ ሳሙናም ይሁን ክብሪት፣ በዱቤ ውሰዱና በማግስቱ ክፈሉ። ባለሱቁ ደብተር ላይ ስማችሁ ተጽፎ ሲሰረዝ የታየ ሰው ናችሁ ማለት ነው። ደመወዝ የዘገየ ወር ላይ ዱቄትና ዘይት የሚሰጣችሁ ያን ስርዝ አይቶ ነው።

4. ሳይክል ያዙ

ሐዋሳ በ1950ዎቹ የተቆረቆረች፣ ቀጥ ያሉ ሰፋፊ መንገዶች ያሏት ሜዳ ከተማ ናት። ለሳይክል ከዚህ የተሻለ መልክዓ ምድር ያለው የኢትዮጵያ ከተማ ቢፈለግ ብዙ አይገኝም። ቢሆንም ተማሪ ሆኖ ሳይክል የሚይዘው ጥቂት ነው፤ ሁሉም ባጃጅ ይጠብቃል። የባጃጅ ወጪያችሁን ለአንድ ወር ጻፉትና እዩት፤ ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

አሮጌ ሳይክል ስትገዙ ፍሬኑን ቁልቁለት ባታገኙ እንኳ በሩጫ ሞክሩት። ካቴናው ላልቶ እንደሆነ በእጃችሁ ሳቡት፤ ጎማውን ገልብጣችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሻጩን እወቁ። የተሰረቀ ሳይክል ርካሽ ነው፤ ባለቤቱ መንገድ ላይ ሲያገኘው ግን ጣቢያ የምትሄዱት እናንተ ናችሁ። የሻጩን መታወቂያ ኮፒ ይዛችሁ፣ ሁለት ምስክር አስፈርማችሁ ግዙ። ገንዘቡ ካልሞላ ከሥራ ባልደረቦቻችሁ ጋር ትንሽ ዕቁብ ጣሉ። ሳይክል የዕቁብ ልክ ዕቃ ነው።

ከመንገድ ዳር ጠጋኞች አንዱን ደንበኛ አድርጉ። ከመነዳሪ በፈነዳ ቁጥር የተለያየ ሰው ጋ የሚሄድ ሰው ጥገና በጥገና ላይ ያስለጥፋል፤ ደንበኛ ግን «ይሄ አልቋል፣ አዲስ ግዛ» ይባላል። ባጃጅ ያለ ምልክት ድንገት እንደሚታጠፍ አስባችሁ ንዱ። ማታ መብራት ወይም ቢያንስ አንጸባራቂ አድርጉ።

5. ሐይቁን ጠዋት ሂዱበት

ሐይቁ ዳር ባለው ፍቅር ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ሻይ መጠጣት አይከፋም፤ ነገር ግን ሐይቁን ያየ ሰው አልላችሁም። የሐዋሳ ሐይቅ ቀኑ የሚጀምረው አሞራ ገደል ላይ፣ ጠዋት፣ ጀልባዎቹ የሌሊቱን መረብ ይዘው ሲገቡ ነው። ከ1 ሰዓት ጀምሮ እዚያ ድረሱ። ዓሣ አጥማጆቹ ከመረቡ ውስጥ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ እየፈለቀቁ ይቆጥራሉ፣ ነጋዴዎቹ እዚያው ይዋዋላሉ፣ ልጆች በሚገርም ፍጥነት ቅርፊት ይፍቃሉ። በመካከል አባ ኮዳዎቹ መላጣ ራሳቸውን ይዘው አንጀትና ራስ እስኪጣልላቸው ይጠብቃሉ። ትልቅ ወፍ ናቸው፤ ለፎቶ ብላችሁ በጣም አትጠጉ። ልጆቹ ዓሣ ወርውረው ሊያስነሱላችሁ ይጠይቋችኋል፤ ከተስማማችሁ ገንዘቡን ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ዓሣ መግዛት በዓይን ነው። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡ ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሳ ይሁን። ፊሌቶ ሲያወጡላችሁ ራሱንና አጥንቱን እንዳይጥሉት ንገሯቸው፤ ሾርባው የሚጣፍጠው በእሱ ነው። ገና ያላደጉትን ትናንሾቹን በርካሽ ሲያቀርቡላችሁ አትግዙ። ሐይቁ ላይ ዓሣው እየቀነሰ ነው፤ አንዱ ምክንያት ቀዳዳው የጠበበ መረብ ነው። ገዢ ካለ ደግሞ ያ መረብ መጣሉ አይቀርም። በሁዳዴ ዋጋው እንደሚንር ጠብቁ። ዓሣ ለጾም ይሆናል አይሆንም የሚለው ክርክር በየቤቱ አለ፤ ገበያው ግን ይሆናል ካሉት ጋር ነው።

ጥሬውን በዳጣ የሚበላ ብዙ ሰው አለ፣ ዝናውም ሩቅ ደርሷል። እኔ ጥብሱን ብሉ ባይ ነኝ። የጨው አልባ ውሃ ዓሣ ጥገኛ ትል ሊኖርበት ይችላል፤ ዳጣው ደግሞ ያቃጥላል እንጂ ትል አይገድልም። ሾርባውን በሎሚ ጠጥታችሁ፣ ተጠብሶ የተሰነጣጠቀውን ቆሮሶ በእጃችሁ እየፈለቀቃችሁ ብትበሉ የቀረባችሁ ነገር የለም።

ጀልባ ስትይዙም ጠዋት ይሁን። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ውሃው ይናወጣል። ዋጋውን በሰው ሳይሆን በጀልባ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነም ጨምራችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱ፤ የሕይወት አድን ጃኬት የሌለውን ጀልባ እለፉት። ጉማሬ ካያችሁ ጀልባውን «ጠጋ በል» አትበሉት። ቀስ ብሎ የሚንሳፈፍ የሚመስለው እንስሳ ጀልባ ይገለብጣል።

መዋኘት ግን ይቅርባችሁ። ሐይቁ ጥቁር ውሃ ይገባበታል እንጂ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ከከተማዋ የሚታጠበው ሁሉ እዚያው ይቀራል። ሸምበቆ ባለበት ዳርቻ ቢልሃርዚያም አለ። እግራችሁን ነክራችሁ መቀመጥም ቢሆን ለፎቶ ካልሆነ አይበረታታም።

6. ታቦር ላይ ውጡ፣ ብቻችሁን ግን አይሁን

ከተማዋን ከሐይቁ ጋር አንድ ላይ ለማየት ታቦር ተራራ ይበቃል። ሦስትና አራት ሆናችሁ፣ ማለዳ፣ ውሃ ይዛችሁ። ሲመሽ አትቆዩ። አላሙራ ተራራ ሌላ ጠዋት ይጠብቃችኋል።

7. ሰፈሩ ውስጥ ለቅሶ ሲኖር ቁጭ በሉ

ይህን እርምጃ ተማሪ የነበረ ሰው አይጠብቀውም። ግቢ ውስጥ ለቅሶ የለም፣ ድንኳን የለም፣ ዕድር የለም። ሰፈር ስትገቡ ግን በአንዱ ሳምንት መንገዱ ላይ ድንኳን ተተክሎ ታገኛላችሁ። ሟቹን አታውቋቸውም። ቢሆንም ግቡ፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» በሉ፣ ጥቂት ተቀመጡ። ወንበር ሲጎድል አምጡ፣ ውሃ ሲቀዳ አግዙ። ከዚያ ቀን በኋላ የሰፈሩ እናቶች «ያ ተከራይ» ማለታቸውን ትተው በስማችሁ ይጠሯችኋል። ታማችሁ ሁለት ቀን ካልወጣችሁ በራችሁን የሚያንኳኩት እነሱ ናቸው። ለሴት ተከራይ ይህ ከየትኛውም ቁልፍ ይበልጣል። ሥራ አምሽታ ስትመለስ መንገዱ ላይ የሚያውቃት ሰው አለ።

በዚያው ልክ የአካባቢውን ቋንቋ ለመልመድ ሞክሩ። በአማርኛ ሁሉም ነገር ይሠራል፤ ገበያ ላይ «ኬሬ» ብሎ በሲዳምኛ የሚጀምር ሰው ግን ሌላ ፊት ያያል።

8. ጫምባላላን በጥሪ ሂዱ

የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ቀኑን የሚወስኑት የከዋክብትን አካሄድ የሚቆጥሩት አያንቶዎች ናቸው፤ ስለዚህ በግድግዳ ካላንደር አትፈልጉት፣ ጎረቤት ጠይቁ። ዋዜማው የቤተሰብ ነው። በቅቤ የራሰ ቡርሳሜ ቀርቦ ሁሉም አንድ ላይ ይበላል። በማግስቱ ልጆች በየቤቱ እየዞሩ «አይዴ ጫምባላላ» ይላሉ፤ በዕለቱ ከብት ለምለም ሣር ላይ ይሰማራል፣ ዛፍ አይቆረጥም። ሐይቁ ዳር ጉዱማሌ ላይ ሽማግሌዎቹ ቄጣላውን ሲጨፍሩ ማየት ለማንም ክፍት ነው።

ቤት የመግባቱ ነገር ግን ጥሪ ይፈልጋል። የክፍል ጓደኛችሁ ወይም የሥራ ባልደረባችሁ ሲዳማ ከሆነ ቀደም ብላችሁ ስለ በዓሉ ጠይቁት፤ ካልጠራችሁ ታዘቡኝ። ባዶ እጅ አትሂዱ፣ የቀረበላችሁን «ጠግቤያለሁ» አትበሉ። ሽማግሌዎችን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ።

9. ወንዶ ገነት፣ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ

ትንሽ ሲጠራቀም ከከተማ ውጡ። ሐዋሳ ያለ ወጣት መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወንዶ ገነት ነው። ከመናኸሪያ ወደ ሻሸመኔ ሚኒባስ ይዛችሁ፣ እዚያ ወደ ወንዶ ገነት ቀይሩ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከሹፌሮቹ ጠይቁ፤ ከማንም በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

እዚያ ፍል ውሃ አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቦታውን ወደውት መኖሪያ አሠርተውበት ነበር፤ በኋላ ሆቴል ሆነ። ለመዋኛው ይከፈላል። ከምንጩ ላይ ውሃው ስለሚያቃጥል በቆሎና ድንች ይቀቀልበታል፤ ከገበያ ይዛችሁ ሂዱ፣ የምሳ ወጪ ታተርፋላችሁ። ከዚያ በላይ ያለው ደን ውስጥ ጉሬዛ አለ፣ ወፉ አይቆጠርም። የደን ኮሌጁ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። እዚያ የተማረ ሰው የማታውቁ ከሆነ ጓደኞቻችሁን አጠያይቁ፤ ከአስጎብኚ ይልቅ የዛፉን ስም የሚነግራችሁ እሱ ነው። ደኑ ውስጥ ያለ መሪ ርቃችሁ አትግቡ። ለመመለስ ከ10 ሰዓት በፊት መንገድ ላይ ሁኑ፤ ከዚያ በኋላ ከሻሸመኔ ወዲህ ወንበር መጋፋት ይመጣል።

10. እንግዳ ሲመጣባችሁ

ሐዋሳ የሚኖር ሰው ዘመድ ይበዛበታል። አዲስ አበባ እያላችሁ ደውሎላችሁ የማያውቅ ሁሉ ሐይቅ ለማየት ይደውላል። ዋናው ፈተና ታኅሣሥ 19 ነው። የቅዱስ ገብርኤል በዓል ሲደርስ ከተማዋ ትሞላለች፣ አልጋ ይወደዳል፣ የባጃጅ ዋጋም አብሮ ይነሳል። ለእንግዶቻችሁ አልጋ ፈልጉ የሚሉትን ከወር በፊት አስይዙላቸው፤ ገንዘቡን ግን እነሱ በቴሌብር ይላኩ፣ ከኪሳችሁ አትጀምሩ። ክፍላችሁ ውስጥ የምታሳድሩት ከሆነ ፍራሽ ከጎረቤት ተዋሱ። ለአከራይዋም በዋዜማው ሳይሆን ከሳምንት በፊት ንገሯቸው፦ ስንት ሰው፣ ስንት ሌሊት፣ ወንድ ይሁን ሴት። ውሃ የሚመጣበትን ቀን ቆጥራችሁ ጄሪካኖቹን ሁሉ ሙሉ። አሞራ ገደል ያለውን ዓሣ ሻጫችሁንም ቀድማችሁ ደውላችሁ «ለስድስት ሰው ያዝልኝ» ብትሉት ይሻላል፤ የበዓል ሰሞን በ3 ሰዓት የደረሰ ሰው የሚያገኘው አባ ኮዳዎቹን ብቻ ነው።